በመዝገበ ዕውቀት ላይ ስለሚነሣው የአድልዎ ክስ


በ2017 ዓ.ም. ክረምት የዊኪፔዲያ አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተደረገው በዚሁ በናይሮቢ ከተማ ነበር። ከዚህ የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት መሥራቾች አንዱ ላሪ ሳንገር፣ መዝገቡ በፖለቲካና በሃይማኖት ክርክር ለግራው ወገን ያደላል ሲል በ2012 ዓ.ም. ከሷል። ክሱን የማይቀበሉትም ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት አድልዎ በየትኛው በር እንደሚገባ እንመርምር።

የመዝገቡ ሕግ፣ የሚጻፈው ሁሉ በታተመ ምንጭ ይደገፍ ይላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያሳተመው ማን ነው? የማው ማው ማኅበር በኬንያ ከ1950 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በሕግ የታገደ ነበር። በዚያ ዘመን ገዢዎቹ የወደዱትን ሲያሳትሙ፣ በጫካና በእሥር ቤት ከነበሩት ብዙዎቹ ታሪካቸውን ሳይጽፉ ዐለፉ። እኛም ኢትዮጵያውያን አርበኞቻችንን ጣልያን ሽፍታና ዐመፀኛ ይላቸው እንደ ነበር አንዘነጋም።

እንግዲህ ተማሪውን መዝገቡን አታንብብ ብንለው ተደብቆ ያነበዋል፤ ሁሉን እመን ብንለው እናሳስተዋለን። ይልቁንስ የእያንዳንዱን ጽሑፍ የክርክርና የእርማት ገጽ ገልጦ፣ ይህን ስም ያወጣው ማን ነው? ምስክሩ ማን ነው? ያልተሰማው የማን ቃል ነው? ብሎ እንዲጠይቅ እናስተምረው። ያልተሰማውንም ጽፎ ማሳተም የእኛ የመምህራን ዕዳ ነው።