ጥቁሩ ፕላስቲክ ይቀባ ወይስ ይተው?

በዛሬው ዝግጅታችን የምንመለከተው ነገር ከሞተርና ከካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቢመስልም፣ አሮጌ መኪናውን እንደ ቅርስ የያዘ ሰው ሁሉ መኪናው ቀለም ቤት በገባ ቀን ሳይወድ የሚገጥመው ነው፤ ይኸውም በፓራውልቱ፣ በጎማው ቅስት ዙሪያ፣ በስፖኪዮው ቀፎና በፊት ፍርግርጉ ላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ እንዳለ ይተው ወይስ ከአካሉ ጋር አንድ ኅብር እንዲኖረው ይቀባ የሚለው ጥያቄ ነው። ቀለም ቀቢው ኮምፕረሰሩን አስነሥቶ፣ ቀለሙን በጥብጦ «ይኼንንም አብሬ ልቀባው?» ባለ ጊዜ፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ማማር እንጂ ሌላው ነገር ስለማይታየው «ቀባው» ይላል።

ላሜራ ያለ አግባብ ቢቀባ ቀለሙን አስለቅቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ፣ በስቱኮ አስተካክሎ እንደገና መቀባት ይቻላል፤ መኪናው በዕድሜው ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀለም ቢለውጥ ብረቱ ያው ብረት ነው። የፕላስቲኩ ጥቁርነት ግን ከላይ የለበሰው ልብስ ሳይሆን፣ ገና ቀልጦ ሳለ ከባሕርዩ ጋር የተዋሐደ ኅብር ነው፤ በገጹም ላይ ቆዳ አስመስሎ ከቅርጽ ማውጫው የታተመ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ረቂቅ ንድፍ አለበት። በዚህ ንድፍ ጎድጓዳ ውስጥ ቀለም አንድ ጊዜ ከገባ ወደ ቀዳማዊ መልኩ መመለስ እጅግ አዳጋች ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ከቀለሙ ጋር ንድፉን ይፍቃል፣ የቀለም ማስለቀቂያው መድኃኒትና ኃይለኛው ቲነርም እንደ ፕላስቲኩ ዓይነት ሊያለሰልሱት ወይም ሊሰነጥቁት ይችላሉና። ስለዚህ ላሜራን ለመቀባት የሚበቃው ችኩል ፈቃድ ለፕላስቲክ አይበቃም።

ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ጥቁሩ በማን ፈቃድ እንደ መጣ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ። በ1972 የወጣው፣ ሚሼል ቡዌ የተባለው ፈረንሳዊ የነደፈው ረኖ 5፣ በክሮም ፋንታ የፕላስቲክ ፓራውልት ይዞ ሲመጣ፣ ፕላስቲክ የድህነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የንድፍ አካል ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ካሉት ሁሉ ለነገራችን የሚስማማው ግን የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው። ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ የነደፈው ተራው ጎልፍ በ1974 ከወጣ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት በፍራንክፈርት ትርኢት ለሕዝብ የታየውና በ1976 ለሽያጭ የቀረበው፣ 110 የፈረስ ጉልበት ያለው ጂቲአይ፣ ከወንድሙ የሚለይበትን ምልክት በሚያብለጨልጭ ነገር ሳይሆን በጥቁር አደረገ፦ በጎማዎቹ ቅስት ላይ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከፊት ፓራውልቱ ሥር ጥቁር የነፋስ መግቻ፣ በኋላው መስተዋት ዙሪያ ጥቁር ክፈፍ፣ በፍርግርጉም ዙሪያ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር። (የመስተዋቱ ክፈፍ ቀለም እንጂ ፕላስቲክ አይደለም፤ ቀቢው በአካሉ ቀለም እንዳይደፍነው አስቀድሞ ማሳሰብ ያስፈልጋል።) የዚህን መኪና ቅስት በቀይ ወይም በብርማ ቀለም የሸፈነ ሰው ያሳመረው ይመስለዋል እንጂ፣ ጂቲአይ መሆኑን በሩቁ የሚመሰክሩለትን ምስክሮች አፋቸውን አስይዟል። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይኑር እላለሁ፤ በዚህ ነገር መለሳለስ አይሆንልኝም።

በእንግሊዙ ኤምጂቢ ላይ ግን ፍርዴ ይለያል። ይህ መኪና በ1962 በክሮም ፓራውልት ተወልዶ ከአሥር ዓመት በላይ በዚያው መልኩ ከኖረ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት መኪና በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ሲጋጭ መብራቱና ሌላው የደኅንነት ዕቃው እንዳይጎዳ የሚያዝ ደንብ ስላወጣ፣ በ1974 መገባደጃ ከፊትና ከኋላ ግዙፍ ጥቁር የፖሊዩሬታን ፓራውልት ተሸከመ፤ መብራቱ ከመሬት ሊኖረው የሚገባውን ከፍታ ለማሟላትም አካሉ ከፍ እንዲል ተደረገ። ጥቁሩ እዚህ ላይ የነዳፊው ምኞት ሳይሆን የሕግ ቀንበር ስለሆነ፣ በአካሉ ቀለም የሚቀቡትን ባለቤቶች አልነቅፍም፤ ፖሊዩሬታንም በባሕርዩ ቀለምን በደኅና ይቀበላል። እንዲሁም በአንድ ዓይነት መኪና ውስጥ ውድ የሆነው ተቀብቶ፣ ርካሹ ለወጪ ቅነሳ ሲባል ብቻ ጥቁር ሆኖ የወጣ ከሆነ፣ የርካሹ ባለቤት ቢቀባ ብዙ ኃጢአት አይሆንበትም።

አብዛኛው ሰው ወደ መቀባት የሚሄደው ግን ጥቁሩን ጠልቶ ሳይሆን ጥቁሩ ጥቁር መሆኑ ስለ ቀረ ነው። የፀሐይ ረቂቅ ጨረር የፕላስቲኩን የሞለኪውል ሰንሰለት እየበጣጠሰ ገጹን አመድ ያስመስለዋል፤ ይህም ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 10 እጅ ያህል ስለሚጨምር፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ደጅ ላይ የሚያድር የሚውል መኪና በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ ሩብ ያህል ትርፍ ይቀበላል። የጉዳቱን ልክ ለማወቅ የጎማውን ቅስት የያዘውን አንዱን ብሎን ፍቱና ከብሎኑ ራስ ሥር ተሸፍና የኖረችውን ክብ ተመልከቱ፤ መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ጥቁር እርሱ ነው። ከዚያ በአጠገቡ ያለውን ደረቅ ገጽ በጣታችሁ እሹት፤ ነጭ ዱቄት በጣታችሁ ላይ ከቀረ የላይኛው ሽፋን ሞቷል ማለት ነው።

ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት ሳሙናና ብሩሽ ነው፤ ቀጥሎም ለፕላስቲክ የተሠራው፣ ደርቆ የሚጸናው ጥቁር ማደሻ ይመጣል። በናፍጣ የሚወለውሉ አሉ፤ ለጊዜው ያጠቁራል፣ ነገር ግን አቧራ ይሰበስባል፣ አጠገቡ ያለውንም የጎማ ማሸጊያ ያሳብጣል። የሲሊኮን ቅባትም ጥቂት ዝናብ እስኪያጥበው ነው፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ኋላ መቀባት ያስፈለገ እንደ ሆነ ቅሪቱ ቀለሙን እያሸሸ ዓይን ዓይን ያስመስለዋል። በሙቅ አየር ማሞቅ ጥቁሩን በዓይናችን ፊት ሲመልሰው የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ገጹን አቅልጦ ማለስለስ እንጂ የሞተውን ማስነሣት አይደለም፤ እጅ ጥቂት ከዘገየም ቅርጹ ይጣመማል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እቀባለሁ» ያለ ሰው የዕቃውን ዓይነት ሳያውቅ አይጀምር። በጀርባው ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው) ወይም ኤቢኤስ የሚል ምልክት ይፈለግ፤ በአሮጌዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ ከማይታይ ጠርዝ ጥቂት ፍቅፋቂ ወስዶ ውኃ ውስጥ መጣል ነው። ኤቢኤስ ይሰጥማል፤ ባዕድ ዱቄት ያልተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። የሚያስቸግረው ተንሳፋፊው ነው፤ ባሕርዩ ቅባታም ስለሆነ ቀለም አይዘውም፣ ከብረትም አሥር እጥፍ ያህል በሙቀት ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር ደረቅ ቀለም በላዩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለፕላስቲክ የተሠራ የማጣበቂያ ፕራይመርና በቀለሙ ውስጥ ማለዘቢያ የግድ ያስፈልጉታል። ፀሐይ የበላው ገጽ ግን አታላይ ነው፤ ቀለምን ከአዲሱ ፕላስቲክ ይልቅ ፈጥኖ የያዘ ይመስላል፣ የያዘው ግን የሞተውን ዱቄት ስለሆነ ዱቄቱ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል። ዱቄቱ ተፍቆ ጤነኛው ክፍል እስኪደረስ ድረስ መጠረግ አለበት፤ ከፍ ብዬ የተናገርሁት ንድፍ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

ሙከራውን በቅስቱ የውስጥ ገጽ ላይ አድርጉት። የመዳፍ ስፋት ያህል አጥባችሁ፣ ፈቅፍቃችሁ፣ ፕራይመሩንና ቀለሙን በሥርዓቱ ቀቡ፤ ዕቃውን ገልብጣችሁ ለአንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ሌሊት ብርድ ላይ አሳድሩት። ከዚያ በስለት ጫፍ የመስቀል ምልክት ጭራችሁ፣ ፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና በአንድ ጊዜ ንቀሉት። በፕላስተሩ ላይ ቀለም ተጣብቆ ከመጣ፣ ለቀቢው የሚከፈለውን ገንዘብ ለጥቁር ማደሻ አውሉትና ቅስቱን በጥቁርነቱ መልሳችሁ እሰሩት።