ስለ ቤት ወጪና ስለ ሕፃናት ድርሻ

በደብራችን የኀምሳኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ምእመናን የተደረገ ንግግር



በዚህ ታላቅ የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር የበዓሉ አዘጋጆች ስላዘዙኝ፥ ትእዛዛቸውን አክብሬ ተነሥቻለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት መምህራን የዚህን ደብር ታሪክ ከመሠረቱ እስከ ጕልላቱ አስረድተዋል። እኔ ግን ሦስት ልጆች በጥቂት ደመወዝ ያሳደግሁ የቤት እመቤት እንጂ የታሪክ ዐዋቂ ወይም የመጽሐፍ ሊቅ አይደለሁም። ስለዚህ የምናገረው ስለማውቀው ነገር፥ ማለት ስለ ጓዳ፥ ስለ ዘንቢልና ስለ ሕፃናት ምግብ ነው። ነገሩ ለእንዲህ ያለ በዓል ዝቅ ያለ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ ይህን ደብር ከኀምሳ ዓመት በኋላ የሚረከቡት ዛሬ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው የመጡት ሕፃናት መሆናቸውን ያስብ።

የዛሬው ኑሮ ለብዙ ቤተ ሰብ ከእጅ ወደ አፍ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጤፍ በኩንታል ይገዛ የነበረው ቤት ዛሬ በኪሎ ይገዛል፤ ዘይት በአምስት ሊትር ጄሪካን ይገዛ የነበረው ዛሬ በትንሽ ጠርሙስ ያስቀዳል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ዋጋው ከፍ ማለቱን ሁሉም በየቤቱ የቀመሰው ነው። እኛ በዚህ ተሰብስበን የገበያውን ዋጋ ልንመልሰው አንችልም። ነገር ግን በእጃችን የቀረ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የገባችውን ጥቂት ገንዘብ በምን ተራ እንደምናወጣት ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በድኻ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው የሕፃኑ ድርሻ ነው።

ይህን የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። ሁለተኛው ልጄ የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን በነበረ ጊዜ የምንኖረው በአንዲት ክፍል ቤት ነበር፤ መተዳደሪያችንም የባለቤቴ የወር ደመወዝ ብቻ ነበረ። በዚያ ወራት ባለቤቴ የሚጠጣው ማኅበር ተራ በእኛ ቤት ደረሰ። «ሰው ምን ይለናል» ብለን ገንዘብ ተበደርን፤ ጠላ ጠምቀን፥ ዳቦ ደፍተን፥ በግ አርደን ደገስን። እንግዶቹም አመስግነውን፥ መርቀውን ሄዱ፤ እኔም ደስ አለኝ። ድግሱ በቅበላ ሰሞን ስለ ነበረ ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። ብድሩን ለመክፈል ስንል ዕንቍላሉና ወተቱ ከቤታችን ቀረ፤ ጾምም ስለ ሆነ መቅረቱ አልታወቀኝም። ሕፃኑ ከታላቅ እኅቱ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላ ነበር፤ እርሷ ሦስት ስትጐርስ እርሱ አንድ ይጐርሳል፤ በርበሬውም ስለሚያቃጥለው ውሃ ጠጥቶ ይነሣል። እኔም «ይህ ልጅ መብል አይወድም» እል ነበር።

አንድ ቀን የሠፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር ወደ እኛ ገብታ፥ የክንዱን ውፍረት በባለ ቀለም ጥብጣብ ለካችው። ጥብጣቡ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ቀለም አለው፤ የልጄ ክንድ በቢጫው ላይ ቆመ፤ ይኸውም ከ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያነሰ ማለት ነው። ልጅቱ አልተቈጣችኝም፤ «እትዬ፥ ይህ ልጅ የሚበላበት ሳሕን የትኛው ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የማሳያት ሳሕን አልነበረኝም። ለእንግዳ የሚሆን ሃያ አራት ብርጭቆ በቁም ሣጥን ደርድሬ ነበር፤ ለልጄ ግን አንድ ሳሕን አልነበረኝም። እንዲህ ያለ እፍረት በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

አባቶቻችን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉ ነበር። ይህ ቃል የተጨነቀችውን እናት ለማጽናናት ቢጠቅምም፥ ለስንፍና መሸፈኛ ሲሆን ግን ይጐዳል። በሀገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ሕፃናት ከመቶው 58ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው አጥሮ ተገኘ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ወደ 38፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 37 ወረደ። ነገሩ ሁሉ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ባልተለወጠም ነበር። የሚለወጥ ከሆነ በእጃችን ነው ማለት ነው፤ ገና 37 ሕፃናት ከመቶው መቅረታቸው ደግሞ ሥራው አለማለቁን ያሳያል።

ሐኪሞች እንደሚያስተምሩት፥ የሰው ቁመትና የአእምሮው ብርታት መሠረት የሚጣለው ከፅንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት በሺሕ ቀኖች ውስጥ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው የእናቱ ጡት ብቻውን ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከጡቱ ጋር ሌላ ምግብ ያሻዋል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ እንደ ዐዋቂ በአንድ ማዕድ ጠግቦ ሊውል አይችልም፤ ጥቂት በጥቂት፥ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መመገብ አለበት። እኛ ግን ብዙዎቻችን ውሃ የመሰለ አጥሚት ሰጥተነው ሆዱ ሲነፋ የጠገበ ይመስለናል።

እንግዲህ ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችንን እንዴት እንዳቀናነው በአጭሩ ላስረዳ።

አንደኛው ነገር ደብተር ነው። ቀድሞ የእኛ ወጪ ተራው የቤት ኪራይ፥ ቀጥሎ ዕድርና ዕቍብ፥ ቀጥሎ አስቤዛ፥ በመጨረሻም የተረፈው ለልጆች ነበር፤ የሚተርፍ ግን አልነበረም። ባለቤቴና እኔ ደመወዙ በገባ ማታ ተቀምጠን ከኪራዩ ቀጥሎ የልጆቹን ጻፍን። ለሁለቱ ልጆች በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ዕንቍላል ብንል በወር ሠላሳ ይሆናል። ለማኅበሩ ድግስ ያወጣነውን ባሰላነው ጊዜ፥ ያ ገንዘብ ለሁለቱም ልጆች የዓመት ዕንቍላል ይገዛ እንደ ነበር አገኘን፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ደብተር የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ነገር በግልጥ ስለሚያሳይ ነው። ነገር ግን ባል የደመወዙን ልክ ከሚስቱ ሰውሮ፥ ሚስትም የዕቍቧን ነገር ከባሏ ሰውራ የሚያዝ ሒሳብ ሒሳብ አይባልም።

ሁለተኛው ነገር ገበያ ነው። ጤፍ ጥቂት ጥቂት በኪሎ ከሠፈር ሱቅ የሚገዛ ድኻ ከሀብታሙ አብልጦ ይከፍላል። እኛ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ገንዘብ አዋጥተን፥ አዝመራው በገባበት ወራት ከእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ቀይ ጤፍ ገዝተን ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ ተካፈልን። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው እንደሚባለው ነው። ዛሬም የሸማቾች ማኅበር ሱቅና በየሠፈሩ የሚቆመው የእሑድ ገበያ ስላሉ፥ ዋጋ ሳያነጻጽሩ መግዛት አይገባም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ለማባበያ ብለን ለብስኩትና ለለስላሳ የምናወጣት ብር ደግሞ በወር ብትደመር ስንት ዕንቍላል እንደምትሆን እናስላ።

ሦስተኛው ነገር የሕፃኑ ሳሕን ነው። ለእርሱ የሚሆን ምግብ የግድ ውድ መሆን የለበትም። ገብስ፥ አጃ ወይም ስንዴ ሦስት እጅ፥ ሽምብራ ወይም ምስር አንድ እጅ ለቅሞ፥ ቈልቶ አስፈጭቶ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ ዱቄት ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ገንፎ ይሠራለታል፤ ጥቂት ዘይት ወይም የተፈረፈረ ዕንቍላል ይጨመርበታል። በሌላ ቀን ምጥን በርበሬ ያልገባበት አልጫ ሽሮ በእንጀራ ይፈተፈትለታል፤ ጎመን፥ ካሮት ወይም ዱባ ተቀቅሎ ይፈጭለታል። ሻይ በዳቦ ግን የብዙ ልጆች ቁርስ ቢሆንም፥ ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ ለሕፃን አይመከርም። ሳሕኑም የብቻው ይሁን፤ ምን ያህል እንደ በላና ምን ያህል እንደ ቀረው እናት የምታውቀው ያን ጊዜ ነው። አባት እስኪመጣ ሕፃኑ እንዲጠብቅ፥ ወይም ከእንግዳ የተረፈውን እንዲለቃቅም የማድረግ ልማድ ቢቀር አክብሮትን አያጐድልም።

ታላላቆቹ ልጆች በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ ከሆነ፥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ በትምህርት ቤት ስለሚያገኙ ለቤታችን ታላቅ እፎይታ ሆኗል። ለትምህርት ያልደረሱት ግን ከእናታቸው ጓዳ በቀር ሌላ ማዕድ የላቸውም። ስለዚህ በታላላቆቹ የተረፈው ለታናናሾቹ እንዲሆን ያስፈልጋል።

አራተኛውን ነገር በተለይ ለአባቶች ካህናት ማመልከት እወዳለሁ። በጾም ወራት ለሕፃን ዕንቍላል መቀቀል ወይም ወተት ማፍላት የቤቱን ዕቃ ያስገድፋል ብላ የምትፈራ እናት ብዙ ናት። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጾም ሳይገደድ፥ ድስቱ ስለ ጾመ እርሱም ይጾማል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያትን፥ ፍልሰታን፥ ረቡዕንና ዓርብን ብንጨምርበት፥ ከሺሑ ቀኖች ውስጥ ስንቱ እንደሚያልፍ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። እኔም ይህን ፈርቼ የንስሐ አባቴን በጠየቅኋቸው ጊዜ፥ «ልጄ፥ ጾሙ የአንቺ ነው እንጂ የሕፃኑ አይደለም፤ ለእርሱ ለብቻው አንዲት ትንሽ ድስት ግዢለት» ብለው መለሱልኝ። በማግሥቱ አንዲት ድስት፥ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ጾሜም ልጄም ያለ ሁከት ሆኑ።

አባቶቼ ሆይ፥ ይህን ቃል እኔ የሰማሁት ስለ ጠየቅሁ ነው፤ ፈርታ ያልጠየቀችው ግን አልሰማችም። እባካችሁ በየጾሙ ዋዜማ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆማችሁ ይህን አንድ ቃል ንገሩልን። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ስለ ራሷ የንስሐ አባቷን እንድትጠይቅ አደፋፍሯት። ከሐኪም መቶ ጊዜ ከሚነገራት ይልቅ ከእናንተ አንድ ጊዜ የሰማችው ልቧን ያሳርፈዋል። ከጾም የተረፈው ለድኻ እንዲሰጥ ታስተምሩናላችሁ፤ እንግዲያስ በየቤታችን ካለው ታናሽ ድኻ ይጀመር።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነገር ድግስ ነው። ማኅበርና ሰንበቴ ይቅር አልልም፤ በችግር ጊዜ ያነሡኝ የማኅበር ሰዎች ናቸውና። ነገር ግን ማኅበሩ የተሠራው ለፍቅር እንጂ ለፉክክር አይደለም። በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት የየማኅበሩ ሰዎች ተሰብስበን፥ በማኅበር ቀን ከዳቦ፥ ከንፍሮና ከጥቂት ጠላ በላይ አይቅረብ ብለን ብንወስን፥ ድኻው ያለ ብድር፥ ባለጠጋውም ያለ ትዕቢት ተራውን ይወጣል። አንድ ሰው ብቻውን ቢቀንስ ንፉግ ይባላል፤ ሁላችን አብረን ብንቀንስ ግን ሥርዓት ይሆናል። ስለዚህ ውሳኔው የአንዲት እናት ሳይሆን የምእመናን ሁሉ እንዲሆን እለምናለሁ።

ነገሩን አስረዝሜ እንዳላሰለቻችሁ እዚህ ላይ ልፈጽም። ያ ልጄ ከአራት ወር በኋላ ክንዱ በአረንጓዴው ላይ ቆመ፤ ዛሬም በእግዚአብሔር ቸርነት ጤነኛ ነው፥ ትምህርቱንም ይወዳል። ሆኖም በእሑድ ቅዳሴ ከእኩዮቹ ጋር ሲቆም ከሁሉ አጠር ብሎ አየዋለሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ የተወለደችው ታናሽ እኅቱ፥ ከመጀመሪያ ጀምሮ የራሷ ሳሕን የነበራት፥ ዛሬ ትከሻው ላይ ደርሳለች። አባታቸውም እናታቸውም አንድ ናቸው፤ የቤቱም ደመወዝ እምብዛም አልጨመረም። የተለወጠው የገንዘቡ ተራ ብቻ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ባየሁ ቍጥር፥ ያችን የጤና ሠራተኛ ጥያቄ እሰማለሁ፤ እናንተም ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ጥያቄዋን ይዛችሁ እንድትሄዱ አደራ እላለሁ። ይህ ልጅ የሚበላበት ሳሕን የትኛው ነው?

እግዚአብሔር የየቤታችንን ማዕድ ይባርክ፤ ሕፃናቶቻችንን ያሳድግልን። ለሚመጣው ኢዮቤልዩም ቁመታቸው የተሟላ፥ አእምሯቸው የበራ ሆነው ይህን ደብር እንዲረከቡ ይርዳን።