አንድ እጃቸውን ያጡት የከብት ሐኪም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርት ግብይትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተነግሯል። ይህ ንግግር ስለ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሰውየው የስዊዘርላንድ ተወላጅ ናቸው፤ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በደቡብ አፍሪካ ነው። ሆኖም ስማቸውን ያስጠራው በሽታ ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ያለፈው በዚህ አገር በሬዎች ላይ ነበር።

ሽማግሌዎች «ክፉ ቀን» የሚሉት ዘመን በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጀመረ። የጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የከብት ደስታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። በሽታው ግን በዚያ አላበቃም። ከመንጋ መንጋ እየተላለፈ ወደ ደቡብ ወረደና እ.ኤ.አ. በ1896 ዛምቤዚ ወንዝን ተሻገረ።

በዚያን ጊዜ አርኖልድ ታይለር በደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። በአገራቸው የእንስሳት ሕክምና ተምረው በ1891 ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ የጠበቃቸው ሥራ አልነበረም። በግል ሕክምና መኖር ስላልቻሉ በአንድ ትልቅ እርሻ ላይ ተቀጠሩ። እዚያም ገለባ መቁረጫ ማሽን ግራ እጃቸውን ቆረጠው። ላም ለማዋለድ፣ በቅሎ ለመያዝ፣ መርፌ ለመውጋት ሁለት እጅ በሚጠይቅ ሙያ ውስጥ ያለ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ምን ተስፋ ይኖረዋል? ታይለር ግን ሙያውን አልተዉትም። በ1893 በማዕድን ሠራተኞች መካከል ፈንጣጣ ሲነሣ በጥጃ ላይ ክትባት አዘጋጅተው አቀረቡ። መንግሥት ያወቃቸው ያኔ ነው።

ደስታ ሲመጣ የፕሪቶሪያ መንግሥት በሽታውን እንዲያዩ ላካቸው፤ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም አድርጎም ሾማቸው። በየጠረፉ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር የሽቦ አጥር ተተከለ፤ በሽታው አለፈው። የታመመና ከታመመ ጋር የዋለ ከብት ሁሉ ይገደል ሲባል ባለ ከብቱ መንጋውን በሌሊት ወደ ጫካ ነዳ፤ በሽታውም አብሮት ተነዳ። በዚህ ባለ ከብቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ያለ ካሣ ንብረቱን የሚሰጥ ገበሬ የትም የለም።

ታይለር ከናታል ከመጣው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኸርበርት ዋትኪንስ ፒችፎርድ ጋር ሆነው በሌላ መንገድ ሞከሩ። ከበሽታው የዳነ በሬ ዳግመኛ አይያዝም። እንዲህ ካለ በሬ ደም የሚገኘውን ሴረም ጤነኛውን ከብት ለመጠበቅ ተጠቀሙበት። ሥራው በሜዳ፣ በድንኳን ውስጥ፣ ገበሬው እያየ የተሠራ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ ባልደረቦች በጦር ሜዳ ተለያዩ። በ1899 በእንግሊዝና በቦየሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ ታይለር ከቦየሮች መድፈኛ ጦር ጋር የእንስሳት ሐኪም ሆነው ዘመቱ። የሌዲስሚዝ ከተማ ለአራት ወር ያህል ስትከበብ ታይለር ከከባቢዎቹ ወገን ነበሩ፤ ዋትኪንስ ፒችፎርድ ደግሞ ከተማይቱ ውስጥ ተከብበው ነበር። በአንድ ድንኳን የሠሩ ሰዎች በመድፍ ማዶና ማዶ ተቀመጡ።

የጦር ሠራዊት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የቆሰለ ፈረስ ማከም ብቻ አይደለም። ያ ጦርነት መድፍና ስንቅ የሚጎትተው በፈረስ፣ በበቅሎና በበሬ ነበር። በእንግሊዝ በኩል ብቻ ከ300,000 በላይ ፈረሶች አልቀዋል። አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት ሳይሆን ድካም፣ የመኖ እጥረትና በሽታ ነው። ከመርከብ ወርዶ ሳያርፍ ወደ ግንባር የተነዳ ፈረስ ብዙ አይቆይም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ አዛዦቹ ግን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባቸው።

በ1900 ፕሪቶሪያ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ ታይለርን አላባረሯቸውም፤ በሥራቸው ላይ አቆዩአቸው። ጦሩን ያስጨነቀው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ላይ ሠርተው በቅሎዎችን የሚከላከል ክትባት አዘጋጁ። የዚያ አገር ገበሬዎች በክረምት ፈረሳቸውን ፀሐይ ሳትጠልቅ በረት ያስገቡ ነበር። ምክንያቱን አያውቁትም ነበር እንጂ ልክ ነበሩ፤ በሽታውን የምታስተላልፈው በምሽት የምትናደፍ ትንሽ ተናካሽ ዝንብ ናት።

ከጦርነቱ በኋላ ያለቀውን መንጋ ለመተካት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከብት ተገዝቶ ገባ። ከከብቱ ጋር በመዥገር የሚተላለፍ አዲስ በሽታ አብሮ ገባ። ታዋቂው ሮበርት ኮኽ ሳይቀሩ ከሌላ የታወቀ በሽታ ጋር አምታተውት ነበር፤ ራሱን የቻለ መሆኑን ያሳዩት ታይለር ናቸው። የበሽታው ተሕዋስ ዛሬም በስማቸው «ታይለሪያ» ይባላል። ለእርባታ ከሩቅ ገበያ ከብት የሚያመጡ ማኅበራት ይህን ታሪክ ደጋግመው ቢያነቡት አይጎዱም።

በ1908 የኦንደርስቴፖርት የምርምር ጣቢያ በእርሳቸው መሪነት ተከፈተ፤ በ1920 ደግሞ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። ልጃቸው ማክስ ታይለር በቢጫ ወባ ክትባት የ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። አባትየው በ1936 ዐረፉ።

የከብት ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት በ2008 ነፃ መሆኗ ተረጋግጦላታል፤ በዚህም የክትባት ባለሙያዎችና የአፋር አርብቶ አደሮች የደከሙት ድካም ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ የአጥንት ነገር። በደቡብ አፍሪካ ደረቅ መሬት ላይ ከብት እግሩን ይዞት እየወደቀ ይሞት ነበር። ታይለር ለዓመታት መርዛማ ሣር ነው ብለው ፈለጉ፤ ተሳስተው ነበር። በ1919 በሜዳ ተቀምጠው ከብቱን ሲከታተሉ እንቆቅልሹ ተፈታ። አፈሩ ፎስፈረስ ስለሌለው ሣሩም የለውም። ከብቱ ጉድለቱን ለመሙላት የሞተ እንስሳ አጥንት ያኝካል፤ በበሰበሰው አጥንት ውስጥ ያለው መርዝ ይገድለዋል። መድኃኒቱ ውድ አልነበረም። በሚገባ ተቀቅሎ የተፈጨ ንጹሕ አጥንት ሲሰጠው ከብቱ ሜዳ ላይ አጥንት መፈለጉን ተወ፤ ክብደትም ጨመረ፤ ወተትም ጨመረ።

በበጋ ወራት ላም ወይም በሬ አጥንት ሲያኝክ የታየበት ቀበሌ ካለ፣ ጨው ፈልጎ ነው ተብሎ ከመታለፉ በፊት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። በሜዳ የወደቀውም ጥንብ ይቀበር።