ትምህርቱ ከቡና ማሳው ይጀምር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በኮሌጅ የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ዓለም የደን መመናመን ሳስተምር ምሳሌዬ ሁሉ አማዞን ነበር፤ የቡና ገበሬ ልጆች ፊቴ ተቀምጠው!

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የሚጀመርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። የማሳው መገኛም ይጠየቃል፤ ከ4 ሄክታር ላልበለጠ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል።

ይህን ሳስረዳ አንዲት ተማሪ፣ «አባቴ ደን አልነካም፤ ማስረጃ ግን የለውም። ቡናው ሊመለስበት ነው?» አለችኝ። ከመጽሐፌ መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ትምህርቱን ማሳችሁ ላይ ልንሰጥ እንፈልጋለን። ጂፒኤሱንና ተማሪዎቹን እኛ እናመጣለን፤ ማሳውን የሚያሳየን ሰው ከእናንተ ይሁን።