ጥቂት ቢትኮይን ለመግዛት ላሰበ

ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ወገኖቻችን በሚልኩት ንዋይ ቤት በሚሠራባቸውና ንግድ በሚቋቋምባቸው በሆሳዕናና በዱራሜ ከተሞች ጥቂት ቢትኮይን ልግዛ የሚል ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንደ ቢትኮይን ባለ ክሪፕቶ ገንዘብ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን ማስታወቁን ነው።

አንዱ ቢትኮይን 100 ሚሊዮን ሳቶሺ ተብሎ ስለሚከፈል በጥቂት ገንዘብም ይገኛል፤ ነገር ግን ዋስ የሚሆነው መንግሥት የለውም፣ ዋጋውም በየሰዓቱ ይዋዥቃል፤ ቢትኮይኑን የሚያንቀሳቅስበት ኅቡዕ ቁልፉ የጠፋበት ሰውም ንብረቱን የሚያስመልስለት ባንክ አያገኝም።

ስለዚህ ሕግ በሚፈቅድበት አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ፈቃድ ካለው ድርጅት ብቻ ግዙ፤ ቢጠፋ ኑሯችሁን ከማያናጋ ገንዘብ አትለፉ፤ ቁልፋችሁንም ለማንም አትስጡ።