ልጆቻችን በቤታችን የሚያነቡት ወንጌል
(ለሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወላጆች የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ አጥምቃ ቅዱስ ቁርባን ታቀብላለች። ሕፃኑ በአንደበቱ መመስከር ስለማይችል የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ እርሱ ሆነው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ሃይማኖትንም ይመሰክራሉ። እንግዲህ ልጅን በሃይማኖትና በምግባር ማሳደግ ከጥምቀቱ ዕለት ጀምሮ በእኛ ላይ ያለ አደራ ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 የተሰጠውን ትእዛዝ ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ሕጉ ለልጆች እንዲነገር ከመታዘዙ አስቀድሞ በወላጁ በራሱ ልብ እንዲኖር ታዝዟል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ፣ በእርሱ ያለው እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል። እምነት ለልጅ የሚተላለፈው በወላጅ ከኖረ በኋላ ነው።

ይህን በሁለት ነገሮች እንመልከት።

የመጀመሪያው ቅዱስ ቁርባን ነው። ነሐሴ 1 የፍልሰታ ጾም ሲገባ አብያተ ክርስቲያናት በሕፃናት ይሞላሉ። ወላጆች ልጆቻቸውን ነጭ አልብሰው ይዘው ይመጣሉ፤ ካቆረቡ በኋላ ግን ብዙዎች ራሳቸው ሳይቀበሉ ይመለሳሉ። ልጁ አንድ ቀን «እናንተስ መቼ ነው የምትቆርቡት?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካጣ፣ ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ብቻ እንደ ሆነ ይማራል፤ ጎልማሳ በሆነ ጊዜም እንደ ወላጆቹ ይርቃል። ጋብቻቸው በቁርባን ያልጸና ባልና ሚስት ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው፣ ተናዝዘውና ቀኖናቸውን ፈጽመው በአንድነት መቁረብ ይችላሉ። እርጅናን መጠበቅ አያስፈልግም። አባትና እናት አብረውት ሲቆርቡ ያየ ልጅ ብዙ ስብከት አይሻም።

ሁለተኛው በቤታችን ያለችው ሠራተኛ ናት። በከተማ ብዙ ቤቶች ከገጠር የመጡ ልጆች ያገለግላሉ፤ አንዳንዶቹም ከቤቱ ልጆች ጋር እኩያ ናቸው። የቤቱ ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ባልንጀራ ፍቅር ተምሮ ሲመለስ፣ ያቺ ልጅ ስትሰደብ ወይም ቤተሰቡ በልቶ እስኪነሣ ቆማ ስትጠብቅ ቢያይ ከሁለቱ ትምህርቶች የሚጸናበት የትኛው ነው? እናትና አባት ሑዳዴን 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ተከልክለው አንደበታቸውን ካልከለከሉ፣ ልጁ ጾምን የምግብ ለውጥ አድርጎ ይይዘዋል። ደመወዟን በጊዜው መክፈል፣ በስሟ መጥራት፣ ቅዳሴ የምትሄድበትን ጊዜ መስጠት፣ ለትምህርት የደረሰችውን ትምህርት ቤት ማስገባት ለቤቱ ልጅም የወንጌል ትምህርት ነው።

ምናልባት «ፍጹም ሳንሆን እንዴት እናስተምር?» የሚል ይኖራል። ፍጹም ሆኖ ያስተማረ ወላጅ የለም። ልጅ የሚሰናከለው ወላጁ በመሳሳቱ ሳይሆን ጥፋቱን ትክክል አስመስሎ በማቅረቡ ነው። አባት በቁጣ የተናገረውን በማግሥቱ «ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» ቢል ክብሩ አይቀነስም፤ ልጁ ንስሐ ምን እንደ ሆነ በዐይኑ ያያል። ካህኑ ኤሊ ግን ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የእግዚአብሔርን መሥዋዕት ሲያቃልሉ እያወቀ ስላልከለከላቸው በቤቱ ላይ ፍርድ መጣ። እንግዲህ የራስን ድካም አምኖ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ጥፋትን እያዩ ዝም ማለት ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀጠሮ ያዙ። ከመኝታ በፊት ቤተሰቡ፣ ሠራተኛዋም ሳትቀር፣ በአንድነት ቆሞ የሚጸልይበት አጭር ጊዜ ይኑር። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የሚዘሩትን ዘር የሚያበቅለው የቤታችሁ መሬት ነውና።

አምላካችን ቤታችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁን በሃይማኖት ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።