ብዙ ሰው ለማይይዘው ኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለ መፈለግ

በትምህርት ቤታችን የሃምሳኛ ዓመት በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጤና አጠባበቅ በሚገባ አስረድተዋችኋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ከነዚህ አነስ ያለ ነው፤ ይኸውም በመጻሕፍት ቤታችን ጥግ ስላሉት ስድስት ነጫጭ ኮምፒዩተሮች ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥፋቴን ልናገር። ባለፈው ዓመት እነዚህ ኮምፒዩተሮች ከውጭ አገር በስጦታ በደረሱን ጊዜ፣ ክቡር ርእሰ መምህራችን መርምሬ ያገለግሉ እንደ ሆነ እንድገልጽላቸው አዘውኝ ነበር። እኔም በጓደኞቼ ዘንድ ኮምፒዩተር ዐዋቂ እየተባልሁ እጠራ ስለ ነበር፣ ሁለት ቀን ብቻ ከነካካኋቸው በኋላ «ጌታዬ፣ እነዚህ የሞቱ ናቸው፤ ለቆራሌው ቢሰጡ ይሻላል» ብዬ መለስሁላቸው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህን ቃሌን ለማንሣትና ከስሕተቴ ያገኘሁትን ትምህርት ለማካፈል ነው።

በዚያው ወራት የመጻሕፍት ቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተር ተበላሸ። የመጻሕፍቱ ስምና ብዛት፣ ማን ምን እንደ ተዋሰም ሲመዘገብ የኖረው፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ተምሮ የወጣ አንድ ወንድማችን በጻፈልን ፕሮግራም ነበር። ኮምፒዩተሩ ከተበላሸ በኋላ የመጻሕፍት ቤቱ ኀላፊ ሁሉንም በትልቅ መዝገብ በእጃቸው መጻፍ ግድ ሆነባቸው። የዕረፍቱ ሰዓት አጭር ስለ ሆነ፣ ተሰልፈው ከሚጠብቁት ተማሪዎች እኩሌቶቹ መጽሐፍ ሳይደርሳቸው ደወል ይደወል ነበር። በተለይ በቤታቸው መጽሐፍ የሌላቸው የታችኛው ክፍል ልጆች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ማየት ያሳዝን ነበር። እኔ የፈረድሁባቸው ስድስት ኮምፒዩተሮች ግን በዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሰው ተቀምጠው ነበር።

የፊዚክስ መምህራችን ይህን አይተው አንዱን ኮምፒዩተር ከዕቃ ቤት አስወጡና አስጠሩኝ። «ለምን የሞተ ነው አልህ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «ከከተማ ያመጣሁትን ፕሮግራም ሁሉ አልቀበልም አለኝ፤ በሲዲ የያዝሁት ሊኑክስ እንኳ አልነሣ አለ» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ መጀመሪያ ምን ቋንቋ እንደሚያውቅ ጠየቅኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር አእምሮ የሚባለው ፕሮሰሰር የሚሠራው በራሱ የትእዛዝ ቋንቋ ብቻ ነው። በከተማ ያሉት አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች የሚያውቁት ቋንቋ የኢንቴል የሚባለውን ነው። ስለዚህ ከሱቅ የምንቀዳው ፕሮግራም ለዚያ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ያለቀ ነው፤ ለአንድ ሰው ተለክቶ እንደ ተሰፋ ኮት ማለት ነው። ኮቱ ለሌላው ባይሆን፣ ጥፋቱ የኮቱም የሰውየውም አይደለም። ነገር ግን ጨርቁና ልኩ የተጻፈበት ወረቀት በእጃችን ቢኖር፣ ልብስ ሰፊው ለሌላው ሰው እንደ ገና ቈርጦ ሊሰፋው ይችላል። ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ይኸውም ሶርስ ኮድ የሚባለው፣ እንደዚያ ጨርቅ ነው፤ ኮምፓይለር የሚባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ደግሞ እንደ ልብስ ሰፊው ነው። ሊኑክስ ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለትም የኮምፒዩተሩን አካላት ሁሉ የሚያዝ መሪ ፕሮግራም ነው። እኔ የተሳሳትሁት «ሊኑክስ ለሁሉ ክፍት ነው» ሲባል ሰምቼ፣ ለኢንቴል የተሰፋው ሊኑክስ ለሁሉም ይሆናል ብዬ በማሰቤ ነው።

መምህራችን የትእዛዝ መስኮቱን አስከፍተው ዩኔም የሚባለውን ትእዛዝ አስጻፉኝ። ኮምፒዩተሩም «ፓወርፒሲ» ብሎ መለሰ። ኮምፒዩተሮቻችን አይቡክ ጂ4 የሚባሉት ናቸው። የአፕል ኩባንያ በዚህ በፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ከ1994 ጀምሮ ኮምፒዩተሮችን ሲሠራ ቈይቶ፣ በሰኔ 2005 ወደ ኢንቴል እንደሚዛወር አስታወቀ፤ በ2009 ያወጣው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም በፓወርፒሲ ላይ የማይሠራ ሆነ። እንግዲህ ኮምፒዩተሮቻችን የሚናገሩት ቋንቋ ተናጋሪው ያነሰ ሆነ እንጂ እነርሱ አልሞቱም ነበር።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ፍለጋ ሆነ። እንደ እኔ የሚቸገር ተማሪ ቢኖር ይረዳው ዘንድ የሄድንበትን መንገድ በተራ እናገራለሁ።

አንደኛ፣ የፕሮሰሰሩን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ስሙን ባወቅሁ ማግሥት ቸኵዬ «ፒፒሲ 64 ኢኤል» የሚል የተጻፈበትን አወረድሁ፤ እርሱ ግን ለአዳዲሶቹና ለታላላቆቹ የፓወር ኮምፒዩተሮች የተዘጋጀ ስለ ነበር ለኛ አልሆነም። የኛ ባለ 32 ቢት ነው። ስማቸው ቢመሳሰልም ቋንቋቸው አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራምን ካገኙበት ከመልቀም ይልቅ በአንድ የታመነ ግምጃ ቤት መፈለግ ይሻላል። ዴቢያን የሚባለው በ1993 የተመሠረተ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ ሊኑክስንና አብረውት የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ለብዙ ዓይነት ፕሮሰሰር እየተረጐመ ያስቀምጣል። በሚያዝያ 2015 የወጣው ስምንተኛው ዴቢያን ከ43 ሺህ በላይ ፓኬጆች ነበሩት፤ የኛንም ፕሮሰሰር ያስተናግድ ነበር። በ2017 በወጣው በዘጠነኛው ግን ባለ 32 ቢቱ ፓወርፒሲ ከዋናዎቹ ዝርዝር ወጣ። ሆኖም ፈቃደኞች የሆኑ ሰዎች በዴቢያን ፖርትስ ስም መተርጐማቸውን ቀጠሉ። የቀድሞውም ስምንተኛው በቤተ መዛግብቱ ተቀምጦ ይገኛል። እኛ የመረጥነው ይህን አሮጌውን ነው፤ ምክንያቱም የተፈተነና የረጋ ነው። ነገር ግን የጸጥታ እርማት ስለማይደረግለት፣ ኮምፒዩተሮቹን ከኢንተርኔት ጋር እንዳናገናኛቸው መምህራችን አጥብቀው አስጠንቅቀውናል። ለመጻሕፍት ቤት ሥራ ግን ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር በፕሮሰሰር ዓይነት የሚለይ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። በግምጃ ቤቱ ውስጥ «ለሁሉ» የሚል ምልክት ያላቸው ፓኬጆች አሉ። ከነዚህም አንዱ አቢሲኒካ የሚባለው የግእዝ ፊደል ነው። የፊደል ቅርጽ ትእዛዝ ሳይሆን ሥዕል ነውና፣ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ሳይተረጐም ያገለግላል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ ስለ ገባ፣ በዚህ ብርቅ በሆነ ኮምፒዩተር ላይም ከሀ እስከ ፐ ሳይጐድል ተነበበ። የመጻሕፍት ቤቱ ኀላፊ የመጻሕፍቱን ስም በአማርኛ ተጽፎ ባዩ ጊዜ «ይኸስ የኛው ነው!» ያሉትን አልረሳውም። እንዲሁ ለጽሕፈት አቢወርድን፣ ለሒሳብ ሥዕላዊ መግለጫ ደግሞ ግኑፕሎትን ለፓወርፒሲ ተተርጕመው ከግምጃ ቤቱ አገኘናቸው።

አራተኛ፣ በግምጃ ቤቱ የማይገኝ ፕሮግራም ቢሆን፣ ጽሑፉን አግኝቶ ራስ ማስተርጐም ነው። የመጻሕፍት ቤታችን ፕሮግራም በየትም ግምጃ ቤት አልነበረም። ደግነቱ የጻፈው ወንድማችን ጽሑፉን ከመዝገቡ ቅጂ ጋር በፍላሽ ትቶልን ስለ ነበር፣ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ አስተረጐምነው። ያለ ስሕተት ተተረጐመ፤ እኛም ደስ አለን። ነገር ግን መዝገቡን ብንከፍት፣ ሦስት ቅጂ ብቻ ያለን የጂኦግራፊ መጽሐፍ 50,331,648 ቅጂ እንዳለው ተጽፎ አገኘነው። መምህራችን ሣቁና «በአንድ ሌሊት የዓለም ታላቁ መጻሕፍት ቤት ባለቤቶች ሆንን» አሉ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። ኮምፒዩተር አንድን ቍጥር ባይት በሚባሉ አራት ክፍሎች ከፍሎ ያስቀምጣል። ኢንቴል ትንሹን ክፍል አስቀድሞ ሲጽፍ፣ የኛ ፓወርፒሲ ትልቁን ያስቀድማል። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛም ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ያለ ልዩነት ነው። መዝገቡ በአሮጌው የኢንቴል ኮምፒዩተር የተጻፈ ስለ ሆነ፣ አዲሱ በተቃራኒ በኩል ያነበው ነበር፤ ሦስት ቍጥርም በዚህ አነባበብ ሦስት ጊዜ 16,777,216 ሆነች። ማንበቢያው ያለበትን ስፍራ ከጽሑፉ ውስጥ ፈልገን፣ የኮምፒዩተሩ ዓይነት ምንም ቢሆን ትንሹ ክፍል አስቀድሞ እንዲነበብ ጥቂት መስመሮችን አረምን። የጂኦግራፊውም መጽሐፍ ወደ ሦስት ቅጂው ተመለሰ።

አምስተኛ፣ ያረሙትን ለጻፈው ሰው መላክ ይገባል። እኔ የአንድ ተማሪ እርማት ለዚያ ለተማረ ሰው ምን ይጠቅመዋል ብዬ አፍሬ ነበር፤ መምህራችን ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለው አበረታቱኝ። ወንድማችን በሳምንቱ መልስ ጻፈልኝ፤ እርማቱንም ከራሱ ጽሑፍ ውስጥ አስገብቶታል። በግምጃ ቤቱ ያገኘናቸው ፕሮግራሞችም ለኛ ኮምፒዩተር የበቁት፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥቂት ጥቂት እርማት ሲልኩ ስለ ኖሩ ነው።

ሁሉንም አገኘን ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ባለቤቶቹ ጽሑፋቸውን የማይሰጡአቸውና ለፓወርፒሲ ያልተዘጋጁ ፕሮግራሞች አልተገኙም፤ ለነርሱ ያለው መፍትሔ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ መፈለግ ብቻ ነው። የኮምፒዩተሮቹ ገመድ አልባ መገናኛም የሚያስፈልገው ውስጣዊ ፕሮግራም ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ስለማይሰጥ እስከ ዛሬ አይሠራም። ኮምፒዩተሮቹ ከ20 ዓመት በላይ ስለ ሆናቸው ዝግ ያሉ ናቸው፤ ከስድስቱም የአንዱ ባትሪ ብቻ ነው መብራት ሲጠፋ ጥቂት የሚቈየው። ስለዚህ አዲስ ኮምፒዩተር አያስፈልገንም ማለቴ አይደለም።

ይሁን እንጂ ክቡራን ወላጆች ሊያስቡት የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ የተለመደው ነገ ብርቅ ይሆናል። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የጻፈውም በቤቱ ለነበረው ባለ 386 ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ወደ ሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር ሊዛወር እንደማይችል ራሱ ጽፎ ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ ክፍት ስለ ነበር ሌሎች እጃቸውን ጨመሩበትና ወደ ብዙ ዓይነት ፕሮሰሰር ተዛመተ፤ ተወልዶ ያደገበትን 386 ግን በ2013 በወጣው ሕትመቱ ተወው። በነሐሴ 2025 የወጣው ዐሥራ ሦስተኛው ዴቢያንም ሪስክ ፋይቭ የሚባለውን አዲስ ፕሮሰሰር ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋናዎቹ ሲቈጥር፣ በባለ 32 ቢቱ የኢንቴል ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና መጫን እንዲቀር አድርጎአል። በብዙ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ያሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ከዚህ ወገን ናቸው። እንግዲህ ዛሬ በስድስቱ ነጫጭ ኮምፒዩተሮች ላይ የተማርነው ፍለጋ፣ ነገ ለሌሎቹም ያስፈልገናል።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ የኔ ጥፋት አለማወቄ አልነበረም፤ ማንም ሳያውቅ ይጀምራልና። ጥፋቴ ሳልጠይቅ መፍረዴ ነበር። ሁለት ቀን ነካክቼ «የሞተ ነው» ያልሁበት ቃል፣ መምህራችን ባይደርሱ ኖሮ ስድስት ኮምፒዩተሮችን ለቆራሌው፣ ታናናሾቻችንንም ለረጅም ሰልፍ ይዳርጋቸው ነበር። ከሰው ዘንድ ዐዋቂ መባልም ይህን አደጋ ያመጣል፤ የዐዋቂ ቃል ሳይመረመር ይታመናልና።

ክቡር ርእሰ መምህር፣ ባለፈው ዓመት የሰጠሁት ቃል ስሕተት ስለ ነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአሁኑ ጊዜ በዕረፍት ሰዓት የሚሰለፉት ልጆች ደወሉ ሳይደወል መጽሐፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ በዚህ ዓመት ከናንተ ስለምለይ፣ የሠራነውን ሁሉ በደብተር ጽፌ በመጻሕፍት ቤቱ ኀላፊ እጅ አስቀምጫለሁ። ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል ሥራውን ለመረከብ የሚፈልጉ ተማሪዎች ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ቢመጡ፣ ያለኝን ሁሉ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።